የማይታየው ቆጣሪ፦ የቀድሞው የኮምፒውተር መረብ ሂሳብ ከኩዌት እስከ አዲስ አበባ

ኩዌት ከዓለም አቀፉ የኮምፒውተር መረብ ጋር የተያያዘችው በ1992 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩ የተዘረጋላት ያን ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ያስተዳድረው ከነበረው ኤንኤስኤፍኔት ጋር ነበር። አገሪቱ ከኢራቅ ወረራ ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን የነበረው የኡም አል ዓይሽ የሳተላይት ጣቢያ በጦርነቱ ወድሟል፤ በመሃል ከተማ የተጀመረው የቴሌኮሙኒኬሽን ማማም ግንባታው በወረራው ተቋርጦ ነበር። ይህ 372 ሜትር የሚረዝም ማማ በኋላ የነጻነት ማማ ተብሎ በ1996 ተመረቀ። ኢንተርኔት ለተራው ነዋሪ መሸጥ የጀመረውም በእነዚሁ ዓመታት፣ አገሪቱ የፈረሰውን ስልኳን እየጠገነች ሳለ ነው።

መጀመሪያ ላይ ተጠቃሚውን የሚደርሰው ሂሳብ አልነበረም። ኤንኤስኤፍኔት የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መረብ ስለነበር ወጪውን የሚሸፍነው ተቋሙ ነው፤ ተመራማሪው ደብዳቤውን ልኮ ይነሳል። ዋናው የአሜሪካ መስመር በኤፕሪል 1995 ተዘግቶ ሥራው ለንግድ ኩባንያዎች ሲተላለፍ ግን ምን ተቆጥሮ ይከፈል የሚለው ጥያቄ መጣ። ሰዓቱ ነው? የደብዳቤው ብዛት ነው? የመረጃው መጠን ነው? ወይስ ወሩ? ከዚያ ወዲህ የተነሱት የሂሳብ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው። ዋጋው መወደዱ ብቻውን ሰውን ይከብደው ይሆናል እንጂ አያጣላም። የሚያጣላው ቆጣሪው በሻጩ እጅ ሆኖ ገዢው ሊያየው አለመቻሉ ነው። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ተከራይና አከራይ ቢከራከሩ እንኳ አብረው ሄደው ቁጥሩን ያነባሉ። የመረብ ቆጣሪ ግን ያለው በኩባንያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ነገሩ ከኢንተርኔትም ቀድሞ የነበረ ነው። ፈረንሳይ በ1982 በአገር ደረጃ የጀመረችው ሚኒቴል ለስልክ ደንበኞች አንዲት ትንሽ መሣሪያ በነጻ ያድል ነበር። የስልክ ቁጥር መፈለግ፣ የባቡር ትኬት መቁረጥ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በጽሑፍ ማውራት ሁሉ በእሷ ይቻል ነበር። ክፍያው በደቂቃ እየተቆጠረ በስልክ ሂሳብ ላይ ይደመራል፤ የስልክ ድርጅቱ ገንዘቡን ሰብስቦ ድርሻውን ያስቀርና የቀረውን ለአገልግሎት አቅራቢው ያስተላልፋል። ውል መፈረም፣ ካርድ ማስመዝገብ የለም። ይህ ቀላልነት ሚኒቴልን እስከ ጁን 2012 ድረስ አቆይቶታል። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ቀላልነት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው ቁልፉን ሲነካ የሚቆጠረው በአባወራው ስም ነውና።

በአሜሪካ ኮምፒውሰርቭ በ1980ዎቹ የሰዓቱን ዋጋ በሞደሙ ፍጥነት ይተምን ነበር። በ300 ቦድ የሚገባ ደንበኛ በሰዓት 6 ዶላር ሲከፍል፣ በ1200 ወይም በ2400 የሚገባው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። ፈጣን ሞደም የገዛ ሰው ፋይሉን ቶሎ አውርዶ ሊወጣ ይችላል፤ ለንባብና ለጨዋታ ለተቀመጠው ግን ፍጥነቱ እጥፍ ዕዳ ነበር። ሲርስና አይቢኤም ያቋቋሙት ፕሮዲጂ በሌላ መንገድ ሄደ፦ ወርሃዊ ቁርጥ ክፍያ አድርጎ ሰውን ሰበሰበ፣ ሰውም ከግዢው ይልቅ ደብዳቤ መጻጻፉን ወደደ። ኩባንያው ወጪው ሲበዛበት በ1990 መገባደጃ በወር ከ30 ደብዳቤ በላይ ለሚልክ ሰው በእያንዳንዱ ላይ 25 ሳንቲም እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ደንበኞች ተቃወሙ፤ ተቃውሞውን በራሱ በመረቡ ላይ ያደራጁት ከአገልግሎቱ ታገዱ። እዚህ ላይ ደንበኞቹ ትክክል ነበሩ ማለት ይገባል። ቁርጥ ክፍያ ብሎ የጠራ ሻጭ፣ ሰው ኑሮውን በዚያ ላይ ከመሠረተ በኋላ ሌላ ቆጣሪ ሲያስገባ፣ የተለወጠው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ውሉ ነው።

የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ጂኒ ታሪክ የዋጋ ጭማሪ አንድን መረብ እንዴት ባዶ እንደሚያስቀር ያሳያል። በ1985 ሲጀመር ዘዴው ብልህ ነበር፦ ቀን ለድርጅቶች የሚሠሩት ትላልቅ ኮምፒውተሮች ማታ ሥራ ስለሚፈቱ፣ ያ ትርፍ ጊዜ ለቤት ተጠቃሚ በርካሽ ይሸጥ። በሥራ ሰዓት የሚገባ ሰው ግን የማታውን ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ሰዓቱን የዘነጋ ደንበኛ በወሩ መጨረሻ ይደነግጣል። ጂኒ በጃንዋሪ 1996 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፣ ዋጋው ተጨመረ፣ ለዓመታት አብረው ሲያወጉ የኖሩ ደንበኞች በብዛት ወጡ፣ በ1999 መጨረሻም ተዘጋ። የጨመረው ዋጋ የሄዱትን ሰዎች ገቢ አልተካም።

አሜሪካ ኦንላይን ደግሞ የቆጠራን ስውር ጎን ያሳየ ነው። በወር 9 ዶላር ከ95 ለ5 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት 2 ዶላር ከ95 ያስከፍል ነበር፤ 20 ሰዓት የተጠቀመ ሰው 54 ዶላር ከ20 ይመጣበታል ማለት ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ግንኙነት 15 ሰከንድ ይጨመርና ወደ ሙሉ ደቂቃ ይጠጋጋል። 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የቆየ ደንበኛ 15 ሰከንዱ ሲታከልበት 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይሆናል፤ ሂሳቡ ላይ 4 ደቂቃ ይጻፋል። ደንበኞች በጋራ ከሰው ኩባንያው ለመካስ ተስማማ። በዲሴምበር 1996 በወር 19 ዶላር ከ95 ያልተገደበ አገልግሎት ሲጀምር ደግሞ ችግሩ ተገለበጠ፦ የገባ አይወጣም፣ ያልገባ መስመር አያገኝም። ከ30 በላይ የሚሆኑ ክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ በጃንዋሪ 1997 ጣልቃ ገብተው ገንዘብ እንዲመለስ አስደረጉ።

የደቂቃው ቁጥር የሚመዘገብበትን መንገድ ማወቅ ለክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የዳያል አፕ፣ ማለትም በስልክ እየተደወለ የሚገባበት ኢንተርኔት፣ አቅራቢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ራዲየስ የተባለው ሥርዓት ሊቪንግስተን ኢንተርፕራይዝስ በተባለ ኩባንያ በ1991 ተነድፎ፣ በ1997 በይፋ የቴክኒክ ሰነድ ሆኖ ወጥቷል። ደንበኛው ሲደውል የሞደሞቹ ማዕከል ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል። ሲፈቀድለት «ጀመረ» የሚል መልእክት ወደ ሂሳብ መዝጋቢው ኮምፒውተር ይላካል፤ ስልኩ ሲዘጋ «ጨረሰ» የሚል ሌላ መልእክት ከሰከንዱና ከመረጃው መጠን ጋር ይከተላል። ሂሳቡ የሚሠራው በሁለቱ መልእክቶች መካከል ባለው ጊዜ ነው። መልእክቶቹ የሚሄዱበት መንገድ ግን መድረሳቸውን በራሱ አያረጋግጥም። ማዕከሉ በድንገት ቢጠፋ «ጨረሰ» የሚለው መልእክት ሳይላክ ይቀራል፤ ደንበኛው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ተኝቶ፣ በመዝገቡ ላይ ግን ገና መረብ ውስጥ ነው። ጠንቃቃ አቅራቢ እንዲህ ያለውን ክፍት መዝገብ በየጊዜው ይፈትሻል፤ የማይፈትሽ በወሩ መጨረሻ ለደንበኛው ይልከዋል።

ሌላው ችግር ከመስመሩ ጥራት ይመጣል። አሮጌ የስልክ ሽቦ ግንኙነቱን በየጊዜው ይበጥሳል፣ ደንበኛውም ደጋግሞ ይደውላል፣ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ወደ ደቂቃ ይጠጋጋል። በአንድ ሰዓት 10 ጊዜ የተቋረጠበት ሰው፣ በአማካይ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ቢጨመርበት፣ 5 ደቂቃ ያልተጠቀመበትን ይከፍላል። መጥፎ መስመር ያለው ሰው ለዚያው አገልግሎት ከጥሩ መስመር ባለቤት የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። የይለፍ ቃል መጋራት ሦስተኛው ነው። በአንድ ስም ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና የቢሮ ባልደረባው ሲገቡበት ሂሳቡ የሚያሳየው ያንን አንድ ስም ብቻ ነው። የራዲየስ መዝገብ ጥሪው የመጣበትን የስልክ ቁጥር መያዝ ስለሚችል እንዲህ ያለ ክርክር ሊፈታ ይችላል፤ መዝገቡን አውጥቶ ለደንበኛው የማሳየት ፈቃድ ካለ ነው። በ1997 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የከሰሳቸው ሰዎች ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር አድርገው ነበር፦ ሞደሙን በስውር ከአገር ውስጥ መስመር አላቅቀው ወደ ሞልዶቫ እንዲደውል የሚያደርግ ፕሮግራም ለሰው ያስጭኑ ነበር፤ ሰውየው አንድ ገጽ የሚያይ እየመሰለው የዓለም አቀፍ ጥሪ ሂሳብ ይከመርበታል።

ወደ ኩዌት ስንመለስ፣ የአገሪቱን የሂሳብ ጠባይ የወሰነው የቤት ስልክ ሥርዓቷ ነው። የቤት ስልክ መስመሩ የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴሩ፣ በከተማዋ አጠራር የሙዋሰላቱ ነው፤ ዓመታዊ ክፍያ ይከፈልበታል እንጂ የአገር ውስጥ ጥሪ በደቂቃ አይቆጠርበትም። ስለዚህ በሳልሚያ ወይም በሐዋሊ ቤቱ ተቀምጦ በሞደም ኢንተርኔት የሚገባ ሰው ስልኩ አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የአቅራቢው ሰዓት ብቻ ነው። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ገልፍኔት፣ ኳሊቲኔትና ፋስትቴልኮ የመሳሰሉ የግል ኩባንያዎች ይህን ሰዓት ሸጠዋል። ይህ ኩዌትን ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ለይቷታል። በብሪታንያ በ1998 የተጀመረው ፍሪሰርቭ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ኢንተርኔት ማቅረብ የቻለው ከደንበኛው የስልክ ደቂቃ ድርሻ ስለሚያገኝ ነበር። በኩዌት የስልክ ደቂቃ ስለማይሸጥ እንዲህ ያለ «ነጻ» ኢንተርኔት መሠረት አልነበረውም።

የግል አቅራቢዎቹ ግን በብዙ ነገር የሚኒስቴሩ ጥገኞች ነበሩ። ሽቦው የእሱ ነው፣ የዓለም አቀፉ መውጫ የእሱ ነው፣ ፈቃዱንም የሚሰጠው እሱ ነው። ሻጭና ዳኛ አንድ ሲሆን ደንበኛ አቤት የሚልበት ሦስተኛ ወገን አይኖረውም። ይህ የተለወጠው በ2014 በወጣው ሕግ ቁጥር 37 የኮሙኒኬሽንና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። ከመጀመሪያው ግንኙነት እስከዚህ 22 ዓመት አለፈ፤ ለአንድ ሀብታምና ትንሽ አገር ረጅም ጊዜ ነው።

ዋጋ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ቁጥሩ ሲጨምር ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ሁለተኛው ቁጥሩ ሳይነካ የሚሰጠው ሲቀንስ ነው። ከዳያል አፕ በኋላ ዲኤስኤል የተባለው ፈጣን መስመር ሲመጣ ሰዓት መቁጠር ቀርቶ ወርና ፍጥነት ሆነ፤ ሰው ቆጣሪው የጠፋ መሰለው። ጥቂት ቆይቶ በሌላ ስም ተመለሰ፦ የፍትሃዊ አጠቃቀም ደንብ በሚል በየወሩ ወይም በየቀኑ ሊወርድ የሚችለው መረጃ ተገደበ፣ ገደቡን ያለፈ ሰው ፍጥነቱ ተቀነሰበት። በኩዌትም ተሠርቶበታል። በተመሳሳይ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2008 በእስክንድርያ አቅራቢያ ሲሚዊ 4 እና ፍላግ የተባሉት የባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ፣ ከሁለት ቀን በኋላም ፋልኮን የተባለው ገመድ በዱባይ አቅራቢያ ሲበጠስ፣ ከተጎዱት አገሮች ኩዌት አንዷ ነበረች። በወር የሚከፍል ደንበኛ እንዲህ ባሉ ቀናት የከፈለበትን አያገኝም። የሰዓት ክፍያ ይህን አደጋ በሻጩ ላይ ይጥል ነበር፤ የወር ክፍያ በገዢው ላይ አዛወረው።

አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ በሌላ መልክ ሄዷል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ፊዶኔት በ1984 በአሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ የተጀመረ፣ ቋሚ መስመር የማይፈልግ መረብ ነው። ደብዳቤዎች እንደ ፖስታ ቤት ይጠራቀማሉ፣ ይጨመቃሉ፣ ከዚያ ባንድ አጭር የስልክ ጥሪ ግሪንኔት የተባለው ድርጅት ለንደን ላይ ወዳቆመው መተላለፊያ ይሄዳሉ። ወጪው የዓለም አቀፍ ጥሪ ደቂቃ ስለሆነ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ውድ ነበር፤ አጭር መጻፍም የቁጠባ ልማድ ሆነ። ዘዴው ቀርፋፋ ቢሆንም ሐቀኛ ነበር፤ ላኪው የደብዳቤውን መጠን ስለሚያውቅ ወጪውን አስቀድሞ ይገምታል።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 1997 ነው። መላ አገሪቱ ከዓለም ጋር የምትገናኝበት መስመር በሰከንድ 256 ኪሎቢት ይይዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ተራ የእጅ ስልክ ብቻውን ከዚያ በላይ ይጎትታል። አቅራቢው አንድ ብቻ ስለነበር ደንበኛው ቅር ቢለው የሚሄድበት ሌላ ሱቅ የለም። ከኩዌት ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ልዩነት ግን ሁለት ቆጣሪ በአንድ ጊዜ መሥራቱ ነው። የኢንተርኔቱ ክፍያ አንድ፣ የስልኩ ጥሪ ሌላ። ማዕከሉ አዲስ አበባ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር የሚገባ ሰው የሩቅ ጥሪ ዋጋ ይጨመርበታል። የኢንተርኔት ካፌዎች በየመንገዱ ሲከፈቱ ይህን ሸክም ከቤት ወደ ሱቅ አዛወሩት፤ ደንበኛው በደቂቃ ሳንቲም እየከፈለ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰዓት በዓይኑ ያያል። ከሁሉም የመረብ ቆጣሪዎች ለተጠቃሚው የታየው ይህ የካፌው ሰዓት ነው፤ ለዚህም ይመስላል በካፌ ስለ ዋጋ ብዙ ቢማረሩም ስለ ቆጠራ ክርክር ያነሰው።

ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኛቸው ሰው በኩዌት በሰው ቤት የሚሠራው ኢትዮጵያዊ፣ ይልቁንም ኢትዮጵያዊቷ ናት። በ2016 ኩዌት ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 60 ዲናር ብላ ወሰነች። በፈርዋኒያም ሆነ በሐዋሊ ባቃላ (የሰፈር ሱቅ) ላይ የሚሸጥ የስልክ ካርድ መለካት ያለበት በዚህ ደመወዝ ነው። ለአገሬው ሰው 3 ዲናር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ለእሷ ግን የወሩ ሃያኛ እጅ ነው።

ወደ ቤት መደወል ውድ የሆነበት ምክንያት ርቀቱ ብቻ አልነበረም። የዓለም አቀፍ ጥሪ ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት የሚወሰነው የሁለቱ አገሮች ስልክ ድርጅቶች ተስማምተው በሚያወጡት የሂሳብ ተመን ነው፤ ጥሪውን የላከው አገር የተመኑን ድርሻ ለተቀበለው ይከፍላል። ከውጭ ብዙ ጥሪ የሚገባላት እንደ ኢትዮጵያ ያለች አገር ከዚህ የውጭ ምንዛሬ ታገኛለች። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1997 ተመኑ ከወጪው እጅግ የራቀ ነው ብሎ የአገሩ ኩባንያዎች ለደሃ አገሮች ከ23 ሳንቲም፣ ለሀብታሞቹ ከ15 ሳንቲም በላይ በደቂቃ እንዳይከፍሉ ወሰነ። የባሕረ ሰላጤው ሠራተኛ ግን ከዚያ ውሳኔ በቀጥታ የሚደርሰው ጥቅም አልነበረም። ድምፅ በኢንተርኔት ማለፍ ሲጀምርም ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 281 ከለከለችው። የ2012ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅም ያንኑ አጠበቀ፤ መንግሥት በኋላ ስካይፕን ለግል መጠቀም ወንጀል እንዳልሆነ ማብራሪያ ሰጥቶበታል። ገቢን ለመጠበቅ የቆመ ክልከላ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እናታቸውን ለመስማት ደቂቃ የሚቆጥሩ ልጆች ናቸው።

ክልከላውን ያስረጁት መተግበሪያዎቹ ናቸው። ኢሞና ዋትስአፕ ሲስፋፉ የአገር ቤት ጥሪ ከደቂቃ ወደ ሜጋባይት ተቀየረ፤ ዋይፋይ ባለበት ቤት ሠራተኛዋ ምንም ሳትከፍል ታወራለች፣ ዋይፋዩ ሲከለከልባት ወይም የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ወደ ካርድ ትመለሳለች። ካርዱ የራሱ ችግር አለው። ጥቅሉ የሚያልቀው በመጠን ብቻ አይደለም፤ በቀንም ያልቃል። ዓርብን ጠብቃ የምትደውል ሴት የተረፋት መረጃ ቀኑ ሲያልፍ ይሰረዛል። በወር ውል የሚከፍለው ሰው ለአንድ ጊጋባይት የሚወጣበት ብዙውን ጊዜ በትንሽ በትንሹ ከሚገዛው ያነሰ ነው፤ ውሉ ግን የገቢ ማረጋገጫና በራስ ስም የወጣ መታወቂያ ይፈልጋል። ደመወዙ ያነሰው ሰው በዚህ ምክንያት የበለጠ ይከፍላል።

በጥሪው በሌላው ጫፍ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በኦገስት 2018 የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በኦክቶበር 2022 ሥራ ሲጀምር የአንድ ድርጅት ብቸኝነት አበቃ። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ግን መሣሪያውና የዓለም አቀፍ መስመሩ የሚከፈሉት በዶላር ስለሆነ ታሪፉ እንደገና ተነሳ። ኩዌት ያለችው ልጅ የላከችው ዲናር በብር ሲመነዘር ስለበዛ ጭማሪው ለቤተሰቧ ያን ያህል አይሰማ ይሆናል፤ ከውጭ የሚላክለት ለሌለው ጎረቤት ግን ይሰማል።

በኩዌት በኩል በሴፕቴምበር 2023 አዲስ ደንብ ተጨመረ፦ ከአገር የሚወጣ የውጭ ዜጋ ለኮሙኒኬሽን ሚኒስቴሩ ያለበትን የስልክ ዕዳ ሳይከፍል መሄድ አይችልም። የትራፊክ ቅጣትና የመብራትና የውሃ ዕዳ ጥቂት ቀደም ብሎ በዚሁ መንገድ ከጉዞ ጋር ተያይዟል። ዕዳው የሚፈለገው መስመሩ ከተመዘገበበት የሲቪል መታወቂያ ቁጥር ነው። በስሟ መስመር አውጥታ ለጓደኛዋ ያዋሰች ሴት፣ ወይም የተከራዩትን ቤት ስልክ በአንዱ ስም ያስመዘገቡ ሰዎች፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያሳይ ነገር በእጃቸው የለም። የሚታየው የተመዘገበው ስምና ከጎኑ ያለው ድምር ነው፤ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የሚከፍለውም ባለስሙ ነው።